አዲስ የገባው ማን ነው?

እናላችሁ፣ ጭድ ተራ ሱቅ ያለው አንድ ጓደኛ አለኝ። ከሒሳብ መቀበያው ጎን ትንሽ የመስታወት ዓሣ ገንዳ አስቀምጧል። «ደንበኛ ሲከራከረኝ እነሱን እያየሁ እረጋጋለሁ» ይላል። ባለፈው ስሄድ ግን እሱ ራሱ ተረብሾ አገኘሁት። ወርቃማዎቹ ዓሦች ደቃቅ ጨው የተነሰነሰባቸው መስለዋል። ሰውነታቸውን ከጠጠሩ ጋር ያሻሻሉ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ውኃው ጫፍ እየወጡ አፋቸውን ይከፍታሉ። የተራው ሰው በሙሉ ሐኪም ሆኗል። አንዱ «ውኃው ነው» ይላል፤ ሌላው «ምግብ አብዝተህባቸው ነው»። ተሸካሚው ልጅ ደግሞ «ጋሼ፣ ሳይሞቱ ይጠበሱ!» ብሎ ፈረደ።

እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «በቅርቡ አዲስ ዓሣ ጨምረሃል?»

«ከአሥር ቀን በፊት ሁለት ገዛሁ።»

በቃ፣ ምርመራው አለቀ። በሽታው ነጭ ነጥብ የሚባለው ነው። ነጥቦቹ ቆዳ ሥር የተቀበረ ጥገኛ ተሕዋስ ናቸው፤ እዚያ እስካለ ድረስ መድኃኒት አይደርስበትም። ጠግቦ ሲወርድ ገንዳው ወለል ላይ ይጣበቅና በመቶዎች ይባዛል። መድኃኒቱ የሚያገኘው ልጆቹን ነው፤ እሱንም አዲስ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኙ ብቻ። በቤታቸው የባሕር ውኃ ገንዳ ያላቸውን ሰዎች የሚያስለቅሰው ነጭ ነጥብ ዝርያው ሌላ ቢሆንም ጠባዩ ያው ነው። እዚያ የሚታከመው በልክ በተጨመረ መዳብ ወይም የውኃውን ጨዋማነት በመቀነስ ነው። ለሁለቱም ግን ሕጉ አንድ ነው። አዲስ የመጣን ዓሣ ለሳምንታት ለብቻው አቆየው። ነጥቡ ጠፋ ብለህም ሕክምና አታቋርጥ።

አገራችን እነዚህን ሁለት ሕጎች የተማረችው በዓሣ አይደለም፤ በበሬ ነው። ክፍያውም ከባድ ነበር።

ጭድ ያለ በሬ

እስቲ የሰፈሩን ስም አስቡት። ጣሊያን በወረራው ዘመን አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ መርካቶን መሠረተ። ተራዎቹም እንደየሸቀጣቸው ስም ወጣላቸው። ጭድ የጋማ ከብት መኖ ነው፤ የጭቃ ቤት ማቡኪያ ነው፤ የድሃ ፍራሽ ሙሌት ነው። ግን ጭድ ከየት ይመጣል? ከአውድማ። አውድማው ላይ የሚያበራየው በሬ ነው፤ ማሳውን ያረሰውም በሬ ነው። በሬ ከሌለ ጤፍ የለም፤ ጤፍ ከሌለ ጭድ የለም፤ ጭድ ተራ የሚባል ስምም አይኖርም።

በሬ የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል ደግሞ አያቶቻችን አይተውታል፤ መርካቶ ከመመሥረቷ 50 ዓመት ገደማ በፊት።

በምፅዋ የገባው እንግዳ

ጣሊያኖች ምፅዋን የያዙት በ1877 ዓ.ም. ነው። ስለ ክፉ ቀን በሰፊው ያጠኑት ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት፣ በ1880 ዓ.ም. ግድም ለጦራቸው ከህንድ በመርከብ ያስመጧቸው ከብቶች በሽታ ይዘው ወረዱ። በሽታው በአማርኛ «ደስታ» ይባላል። ስሙን እዩልኝ! ከብቱ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑ ያነባል፤ አፍንጫው ይዝረበረባል፤ አፉ ውስጥ ይቆስላል፤ ከዚያ ተቅማጥ ይይዘውና በ10 ቀን ገደማ ይሞታል። ክፋቱ፣ ከብቱ ምልክት ሳያሳይም ማስተላለፍ ይጀምራል። ገበሬው «ታሟል» ብሎ ሲለየው ጎረቤቱ ቀድሞ ተይዟል።

ከአገሪቱ ከብት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመሩበት። ዝናብ ሲመጣም የሚጠመድ በሬ የለም። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ሕዝቡ በእጁ እንዲያርስ ያሳዩት በዚህ ጊዜ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ «ክፉ ቀን» ተብሎ ቀረ። ከሕዝቡ ሲሶው አልቋል የሚሉ አሉ።

የሚያንገበግበው ምኑ መሰላችሁ? ለበሽታው መድኃኒት አልነበረውም፤ መከላከያው ግን በደንብ ይታወቅ ነበር። የት? እዚያው ጣሊያን! በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይኸው በሽታ ጣሊያንን ሲመታ የሮማው ጳጳስ ሐኪም ጆቫኒ ማሪያ ላንቺሲ የታመመው ይገደል፣ ይቀበር፣ የከብት እንቅስቃሴም ይታገድ ብሎ መክሯል። እ.ኤ.አ. በ1762 ሊዮን ላይ የተከፈተው የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ከዚህ በሽታ ፍራቻ ጋር የተያያዘ ነው። ሆን ተብሎ ተደረገ እያልኩ አይደለም። ግን ከ150 ዓመት በላይ የኖረ ምክር የምፅዋን ወደብ ሲደርስ ተረሳ። የተረሳበትንም ዕዳ የከፈለው ሌላ ሰው ነው።

እንግዳው በኢትዮጵያ አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፤ በ1897 የአህጉሩን ደቡባዊ ጫፍ ነካ። ታላቁ ሮበርት ኮህ እንኳ መከላከያ ሊፈልግለት ደቡብ አፍሪካ ድረስ ተጠርቷል። አምጪው በባክቴሪያ ማጣሪያ የሚያልፍ ረቂቅ ነገር፣ ማለትም ቫይረስ፣ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 ኢስታንቡል ላይ ነው።

ነጥቡ ጠፋ ብሎ ማቆም

እዚህ ጋ ሁለተኛው ሕግ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ገደማ ዋልተር ፕላውራይት ኬንያ ውስጥ አስተማማኝ ክትባት ሠራ። ከ1962 እስከ 1976 በተካሄደው ትልቅ ዘመቻ በሽታው ከአፍሪካ ሊጠፋ ጥቂት ቀረው። ከዚያስ? ነጥቡ ጠፋ ተባለና ክትባቱም ክትትሉም ላላ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደስታ ተመልሶ አህጉሩን አዳረሰው። ገንዳው ወለል ላይ ተደብቆ ነበርና።

ሁለተኛው ዙር ሲጀመር በደብረ ዘይት ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ነበረን። ችግሩ አፋር ነበር። መኪና በማይገባበት በረሃ፣ በረዶ የሚፈልግ ክትባት በምን ይደርሳል? መፍትሔው በሁለት በኩል መጣ። ጄፍሪ ማሪነር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ለሳምንታት ያለ በረዶ የሚቆይ ክትባት አዘጋጀ። ከዚያ ክትባቱ ለራሳቸው ለአርብቶ አደሮቹ ልጆች ተሰጠ፤ በእግራቸው ይዘውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1994 አፋር ላይ 73,000 ያህል ከብት ከተቡ።

ምርመራውም ተለወጠ። ባለሙያው ደም ከመቅዳቱ በፊት ከዛፍ ሥር ተቀምጦ እረኛውን መጠየቅ ጀመረ። ይህን በሽታ ምን ትሉታላችሁ? በመጨረሻ ያያችሁት መቼ ነው? ያኔ ከየት የመጣ ከብት ተቀላቅሎ ነበር? ቫይረሱ የቀረባቸው የመጨረሻ ጎሬዎች የተገኙት በዚህ ዓይነት ጥያቄ ጭምር ነው።

ከእ.ኤ.አ. 1995 በኋላ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም። በ2000 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ መሆኗ ታወቀላት። ግንቦት 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ዓለም በሙሉ ነፃ ተባለ። የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። ለፈንጣጣ የጨፈርነውን ያህል ለዚህ አልጨፈርንም። በሬ ድምፅ የለውማ!

ወደ ጭድ ተራ ልመልሳችሁ። ጓደኛዬ ሦስት ዓሣ ሞተበት፤ የቀሩት ተርፈዋል። ነጥቡ ከጠፋ በኋላም መድኃኒቱን ቀጠለ (በእኔ ጭቅጭቅ)። አሁን ከጠረጴዛው ሥር አንድ ባልዲ አለ፤ አዲስ ዓሣ ሲገዛ አራት ሳምንት እዚያ ያስቀምጠዋል። ተሸካሚው ልጅ ባልዲውን «ለይቶ ማቆያ» ብሎታል። በኮሮና ጊዜ የተማርናት ቃል መሆኗ ነው።

ይህ እንግዳን መጥላት አይደለም። እንግዳውም ያው ዓሣ ነው፤ ይመገባል፣ ይታያል፣ ይንከባከቡታል። ለብቻው ያርፋል እንጂ። በ1880 ምፅዋ ላይ ያችን ባልዲ የምታህል ጥንቃቄ የሚያደርግ አንድ ሰው ቢኖር፣ ስንት ጥማድ በሬ፣ ስንት አውድማ፣ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?