«ቲቸር፣ የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ለምትሉኝ

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ የቀድሞ ተማሪዎቼ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ይቺኑ ጥያቄ ነው። ከመምረጣችሁ በፊት ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ፎርትራን በ1957 ከአይቢኤም ሲወጣ ኮምፒውተር ትእዛዝን ተራ በተራ ነበር የሚፈጽመው። ብዙ ፕሮሰሰር አብሮ ማሠራት ሲመጣ ጣጣው ተጀመረ። ደቦ መጥራት ቀላል ነው፤ ከባዱ ማን ማንን እንደሚጠብቅ መወሰኑ ነው።

እኛ ጋ ለገዳዲ የፈተና ሰሞንን አስቡት። ብዙ መምህር ወረቀት ተከፋፍሎ ሲያርም ሥራው ይፈጥናል። ሮስተሩን የሚሞላው ግን አንድ ሰው ነው። የሮስተሩ ሥራ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ከሆነ፣ 1000 መምህር ብትጨምሩም ፍጥነቱ 10 እጥፍ አይሞላም። ጂን አምዳል በ1967 የተከራከረው ይህንኑ ነው።

«እና ሁለት ሰው ይሙላዋ!» ትሉ ይሆናል። ሁለቱም ሮስተሩ ላይ ያለውን 40 እኩል አንብበው፣ አንዱ 10 ሌላው 15 ደምሮ ቢጽፍ፣ 65 መሆን የነበረበት 50 ወይም 55 ሆኖ ይቀራል። የልጁ ማርክ ጠፋ ማለት ነው! ስህተቱ ደግሞ አንዳንዴ ብቻ ስለሚከሰት ፈልጎ ማግኘቱ አበሳ ነው።

ቶኒ ሆር በ1978 መፍትሔ አመጣ፦ የጋራ ሮስተር ይቅር፣ ሠራተኞቹ መልእክት ይለዋወጡ። ከዚህ ሐሳብ በ1983 ኦካም የተባለው ቋንቋ ትራንስፒውተር ለሚባል ቺፕ ተሠራ። ቺፑ ከገበያ ሲወጣ ቋንቋውም አብሮት ደከመ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በ2009 ጉግል ይፋ ባደረገው ጎ ውስጥ ተመልሶ መጣ።

በ2002 ደግሞ የአሜሪካው ዳርፓ ፕሮግራም ጀመረ። ክሬይ ቻፕልን፣ አይቢኤም ኤክስ10ን፣ ሰን ፎርትረስን ሠሩ። ፎርትረስ በ2012 ቆመ። አብዛኛው ሳይንቲስት በዚያው በፎርትራንና በሲ፣ በ1994 በወጣው ኤምፒአይ መልእክት እያላላከ ቀጠለ። ለምን? የስንት ዓመት ኮድ አፍርሶ እንደገና የሚጽፍ ማን አለ?

ስለዚህ ልጆቼ፣ ቋንቋ ይመጣል፣ ይሄዳል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ ራሱ ብዙ ኮር አለው። የመረጣችሁትን ተማሩ፤ ግን ሁለት ጥያቄ አትርሱ፦ የቱ ሥራ የቱን ይጠብቃል? ሁለት ሰው የሚነካው የጋራ ነገር የቱ ነው?

የቤት ሥራ፦ ቡና ሲፈላ የትኞቹ ሥራዎች እኩል መሄድ ይችላሉ? የትኞቹስ ግድ ተራ ይጠብቃሉ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ አርማለሁ።