የማይዋሸው መርፌ፤ ስለ አንዲት የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ኤሌክትሪክ አጭር ታሪክ

ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ወሬ ብቻ ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኛ ግን የአንዲት ሽቦ ታሪክም የሚያስተምረው ነገር እንዳለ ስለተረዳን በዚህ የመታሰቢያ መጽሔታችን ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኤም.ጂ.ቢ. የተባለችው የስፖርት መኪና በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ተሠርታለች። እንደሚታወቀው ኤሌክትሪክ ሥራውን የሚፈጽመው ከባትሪ ወጥቶ ወደ ባትሪ ሲመለስ ነው። በመኪና ላይ መሄጃው ሽቦ ሲሆን መመለሻው የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነው። መካኒኮች ይህን ግራውንድ ይሉታል።

ዛሬ ከብረቱ ጋራ የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ ነው። የዚያን ጊዜ የእንግሊዝ መኪናዎች ግን በብዛት ፖዘቲቩን ያስሩ ነበር። ኤም.ጂ.ቢም እስከ 1967 ድረስ እንዲሁ ነበረች። በዚያ ዓመት ዲናሞው ቀርቶ አልተርኔተር ሲገባ፣ ግራውንዱም ወደ ኔጌቲቭ ተለወጠ። ይህን ሳያውቅ ባትሪውን አገላብጦ ያሰረ ሰው የአልተርኔተሩን ዳዮዶች ያቃጥላል። ደግሞም ብዙ ባለቤቶች አሮጌውን ሥርዓት በኋላ ስለለወጡት፣ የተሠራችበትን ዓመት ብቻ ማመን አይበቃም፤ የባትሪውን ገመድ እስከ ብረቱ ድረስ በዓይን መከታተል ያስፈልጋል።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለነዳጅ ጌጁ ቮልት የምታስተካክል ትንሽ ዕቃ ተጨመረች። በውስጧ ያለው ጥምር ብረት ሲሞቅ ይታጠፍና ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ያገናኛል። በዚህ ዓይነት ጌጁ በአማካይ 10 ቮልት ያህል ያገኛል። ዳሩ ግን የዕቃዋ ግራውንድ ከተበላሸ ብረቱ አይሞቅም፤ ስለዚህ የባትሪው ኃይል በሙሉ ያልፍና መርፌው ከእውነቱ በላይ ያሳያል። በታንኩ ላይ ያለው መሣሪያ ግራውንድ ሲዝግ ደግሞ መርፌው ዝቅ ይላል። ያ ግራውንድ ከኋላ መብራቶች ጋራ የጋራ ከሆነ፣ መብራት ሲበራ ጭራሽ ይወርዳል።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ባለመኪናው መርፌውን ዋሾ ብሎ ደኅናውን ጌጅ አውጥቶ ይጥላል፤ ገንዘቡን ከስክሶ አዲስ ቢገዛም አዲሱ ያንኑ ይናገራል። ካልሆነም ሙሉ ነው ብሎ ተማምኖ በመንገድ ላይ ነዳጅ ያልቅበታል።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ፣ የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ከብረቱ ጋራ በታሰረው የባትሪ ጫፍ ላይ፣ ሌላውን በተጠረጠረው ዕቃ አካል ላይ ማድረግ ነው። ንባቡ ወደ ዜሮ ከቀረበ መንገዱ ደኅና ነው። አንድ ቮልት ያህል ካሳየ ግን መመለሻው ታግዷል፤ ብሎኑን ፈትቶ ዝገቱንና ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አጥርቶ መልሶ ማጥበቅ ይበቃል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው። መርፌው የደረሰውን ተናገረ እንጂ አልዋሸም፤ ጥፋቱ ከዓይን በተሰወረው መመለሻ ላይ ነበር። እኛም ተማሪዎች መልሳችን ሲሳሳት መጽሐፉን ከመውቀሳችን በፊት መሠረታችንን ብንመረምር ይበጀናል።