የልደታ ስፖርት ቤቶች፦ ከቀበሌ አዳራሽ እስከ ኮንዶሚኒየም

በአንድ አሠልጣኝና በሠልጣኞች ወርኃዊ ክፍያ የሚተዳደሩት የአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ አነስተኛ ስፖርት ቤቶች፣ ማለትም የክብደት፣ የኤሮቢክስና የቴኳንዶ ማሠልጠኛዎች፣ ታሪካቸው ከሁሉ በፊት የቦታ ታሪክ ነው። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ ሰፊ ክፍል ማግኘት የአከራይና የተከራይ ስምምነት መሆኑ ቀርቶ ቀበሌን የሚመለከት ጉዳይ ሆነ፤ የሰፈር ወጣቶችም ከስብሰባ በተረፈው ሰዓት በቀበሌ አዳራሽ ሲሠለጥኑ፣ ብረት መግዛት ያልቻሉት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በቧንቧ እያያያዙ ክብደት ያነሡ ነበር።

ከሁሉ የከበደው መናወጥ ግን በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረው የልደታ መልሶ ማልማት ነው፤ ይህም የቆየውን ሰፈር አፍርሶ በኮንዶሚኒየምና በንግድ ሕንፃ መተካት ማለት ነበር። ስፖርት ቤት ደንበኛው ከሥራ መልስ በእግሩ የሚደርስበት ንግድ በመሆኑ፣ ጎረቤቱ ጀሞን ወደመሳሰሉ ሩቅ ሰፈሮች ሲበተን መተዳደሪያውም አብሮ ይበተናል፤ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ካሣ የሚሰላው ግን በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረት ነበር፤ አሠልጣኙ በዓመታት ያፈራው የሠልጣኞች እምነት በዚያ ስሌት ቦታ አለማግኘቱ ከባድ ጉድለት ነው። በአዲሶቹ ኮንዶሚኒየሞች ምድር ቤት ያሉት የንግድ ክፍሎች ደግሞ በጨረታ የሚሸጡ ስለነበሩ፣ አቅሙ አነስተኛ የሆነ አሠልጣኝ ከገዢው ከመከራየት ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። በ2008 ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለቱን መስመሮች ልደታ ላይ ማገናኘቱ፣ ከመርካቶም ከአያትም አቅጣጫ የሚመጣ ሠልጣኝ ለመቀበል ዕድል ከፍቷል።

በ2011 ግንቦት የታወጀው የመብራት ፈረቃ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የመሮጫ ማሽን ሲያቆም በእጅ የሚነሣውን ክብደት አልነካም። መጋቢት 30 ቀን 2012 በኮቪድ ምክንያት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ግን ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን በመከልከሉ የቡድን ሥልጠናን ከመሠረቱ ነካው፤ ተከራይን ማስወጣት ቢከለከልም የወሩ ኪራይ ከተከራዩ ላይ አልተነሣም። በስልክ በሚላክ ቪዲዮ ማሠልጠን አንዱ መውጫ ነበር፤ እሱም ቢሆን ሰኔ 23 ቀን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለሳምንታት በመቆየቱ ተዘጋ። የቀረው ሰው ቤት ሄዶ ማሠልጠንና ሜዳ ላይ ተራርቆ መሥራት ሲሆን፣ ከኅዳር 2011 ጀምሮ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው በተካሄደው «መንገድ ለሰው» መርሐ ግብር ከተማው አደባባይ ወጥቶ ስፖርት መሥራትን ስለለመደ፣ የሜዳው ሥልጠና ለሠልጣኙም ሆነ ለአሠልጣኙ እንግዳ አልነበረም።