የቀጨኔ እጅና የድምፅ ቤተ ሙከራ

ከስድስት ኪሎ ሽቅብ፣ የእንጦጦ ሸንተረር ወደ ከተማው በሚወርድበት ግርጌ የቀጨኔ መንደር ይገኛል። የአዲስ አበባ ሰው ቀጨኔን የሚያውቀው በመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያኑ፣ በሸማውና በሸክላው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲሲቱን ከተማ ሲቆረቁሩ ለግንባታውና ለቤተ መንግሥቱ አገልግሎት የተፈለጉ ባለ እጆች የሰፈሩበት መንደር እንደመሆኑ፣ ሸማኔው ከመወርወሪያው፣ ሸክላ ሠሪዋ ከጭቃዋ፣ ቀጥቃጩም ከወናፉ ሳይለዩ ትውልድ ተክተዋል። ከተማው ግን የእጃቸውን ሥራ ለብሶ፣ በእጃቸው ሥራ ቡና አፍልቶ፣ በእጃቸው ሥራ ወጡን ሠርቶ ሲያበቃ፣ ስማቸውን የሚያነሣው በንቀት ነበር። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስለተገነዘቡ ነው። አዋጁ ተነገረ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ይህ ጉዳይ የሙዚቃን ከፍተኛ ትምህርትና የድምፅ ቴክኖሎጂን ታሪክ በሚያትት ጽሑፍ ውስጥ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። አገባቡ እንዲህ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ከመሆኑ በፊት እንጨት ነው፤ ቆዳ ነው፤ ጅማት ነው፤ የፈረስ ጭራ ነው፤ አታሞን በመሰለው ላይ አንዳንዴ ሸክላም ነው። የጸናጽሉን ብረት የሚቀጠቅጠው፣ የከበሮውን ቆዳ የሚወጥረው፣ የበገናውን አውታር ከበግ አንጀት የሚያከርረው እጅ ከቀጨኔው ሸማኔና ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ጋር አንድ ዕጣ የወጣለት እጅ ነው። መሣሪያውን ይዞ የሚዘፍነው አዝማሪም ቢሆን ግብዣውን አድምቆ ሲያበቃ የሚጠብቀው ክብር ከእነርሱ የተሻለ አልነበረም። ሸክላ ገበያ የወጣች እመቤት ጀበናውን በጣቷ ኳ አድርጋ ድምፁን ሳትሰማ አትገዛም፤ ስንጥቅ ያለበትን ከደህናው የምትለየው በጆሮዋ ነው። ይህን ዕውቀት ዕውቀት ብሎ የጠራው ግን አልነበረም። እናም ሙዚቃ ወደ ኮሌጅ ደረጃ ከፍ በሚልበት ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፦ ምን ይማሩ? ማንስ በበሩ ይግባ?

ከፍተኛ የዜማ ትምህርት ለአገሩ እንግዳ አልነበረም። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በአክሱም የኖረው የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሚባለው ድጓ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት ተቀምሮ፣ ዓመታት በሚፈጅ ጥናት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በድጓ መመስከር የሻ ተማሪ ወደ ጋይንቷ ቤተልሔም፣ በዝማሬ መዋሥዕት የሻ ደግሞ ወደ ዙር አምባ መዝለቅ ነበረበት። በዛሬ አነጋገር ቢገለጽ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የጥናት ዘርፍ ያላቸው ኮሌጆች ናቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ከ1533 እስከ 1551 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ከፊደሉ በላይ የሚሰፍሩትን የዜማ ምልክቶች ሥርዓት አስያዙ። ድምፅን በብራና አስሮ ላልሰማው ትውልድ ማሳለፍ ቴክኖሎጂ ካልሆነ ቴክኖሎጂ የሚባለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ያዳግታል። ይሁንና ይህ ታላቅ ትምህርት ቤት በሩን ለመሲንቆና ለክራር አልከፈተም፤ አዝማሪው በጓሮ በኩል እንኳ አልተጋበዘም።

ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከእርሳቸውም በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ብዙ የተጻፈላቸው ስለሆኑ እዚህ መዘርዘሩ አያሻም። ትምህርቱ በመሠረቱ የሰልፍና የቤተ መንግሥት ትምህርት ነበር። ኖታ ገባ፤ የአገሩ መሣሪያ ከማርሹ ሰልፍ ውጭ ቆሞ ተመልካች ሆነ።

ነገሩ ሌላ መልክ የያዘው በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ከቀጨኔ በእግር በሚደረስበት በስድስት ኪሎ ግቢ ከተከፈተ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሐሊም ኤል-ዳብ የተባሉ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ለማስተማር ወደዚህ ግቢ መጡ። እኒህ ሰው ማን እንደነበሩ ብዙ የአገራችን የሙዚቃ ሰዎች የተረዱት ዘግይተው ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ቆም ብሎ ማየቱ ይገባል።

ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1921 በካይሮ ተወልደው የተማሩት እርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተውሰው ሴቶች የሚያካሂዱትን የዛር ሥርዓት ቀረጹ። ከዚያም የቀረጹትን ይዘው ወደ ጣቢያው ስቱዲዮ ገቡና የሴቶቹን ድምፅ በገደል ማሚቶ አስረዘሙት፤ መሠረታዊውን ድምፅ ቆርጠው በማውጣትም ከላዩ የሚንሳፈፈውን ብቻ አስቀሩ። ከሰው ጉሮሮ የወጣው ድምፅ የማንም ጉሮሮ ሊያወጣው ወደማይችል አዲስ ድምፅ ተለወጠ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፌር በፓሪስ ተመሳሳይ ሙከራውን ለዓለም ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1948 መሆኑ ሲታሰብ፣ የካይሮው ሥራ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንደሆነ ግልጽ ነው። ኤል-ዳብ ቆይተውም በኒውዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርተዋል። ዛር ከኢትዮጵያ ጋር ያለውን የቆየ ዝምድና ለሚያውቅ አንባቢ፣ ጎንደሬዋ በከበሮና በእጣን የምትለማመነው መንፈስ በካይሮ አልፎ የዘመኑን የድምፅ ሳይንስ በር ማንኳኳቱ የሚያስደንቅ አጋጣሚ ነው።

እንግዲህ ኒውዮርክ ከነበረው ቤተ ሙከራ ተነሥተው ስድስት ኪሎ የደረሱት ሰው እዚህ የመሠረቱት ምን ነበር? እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ነው። ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ፣ አንዱ የሌላውን መሣሪያ በቅጡ የማያውቅ ተጫዋቾችን በአንድ አዳራሽ አስቀመጡ። መሲንቆው አንድ አውታር ብቻ ስላለው ጣት ባረፈበት ሁሉ ቅኝቱን ይከተላል። ክራሩ ግን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት መቃኘት አለበት። ዋሽንቱ ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ በኋላ አይለወጥምና ነፊው ለየቅኝቱ የሚሆኑ በርከት ያሉ ዋሽንቶች ይይዛል። እነዚህን በአንድ ጊዜ አስማምቶ ማሰማት ኤሌክትሪክ ባይኖርበትም ፍጹም የቤተ ሙከራ ሥራ ነበር፤ ከዚያ በፊት በየብቻቸው ወይም በየአካባቢያቸው ብቻ ይሰሙ የነበሩ መሣሪያዎች ምን ያህል ርቀት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የተለካው በዚያ አዳራሽ ነው። አዝማሪ የዩኒቨርሲቲን ደጃፍ እንደ ሙያተኛ የረገጠውም ያን ጊዜ ነው። ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢሄዱም ቡድኑ በጆን ኮ፣ ኋላም ለረጅም ጊዜ በተስፋዬ ለማ መሪነት ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ እየተዘዋወረ ተጫውቷል። መሥራቹ የሚያውቁት ሌላው ግማሽ ዕውቀት፣ ማለትም የተቀረጸን ድምፅ እንደ ሸክላ ጭቃ ማላቆጥና ቅርጽ መስጠት፣ በትምህርቱ ውስጥ ሥር ሳይሰድድ ቀረ። በኪሳራ ሊመዘገብ የሚገባው ይህ ነው።

በዚያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቅርጹን ይዞ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ በአሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተመረቁ፣ የአውሮፓን ኦርኬስትራና የኢትዮጵያን ዋሽንት በአንድ ድርሰት ለማገናኘት የሞከሩ ሰው ነበሩ፤ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ጽፈው ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። ትምህርት ቤቱ በቡልጋሪያ መንግሥት እርዳታ ሕንፃ ተሠራለት፤ የቡልጋሪያ መምህራንም አስተማሩበት። አወቃቀሩ የአውሮፓውን ኮንሰርቫቶሪ የተከተለ ነበር፤ ፒያኖው፣ ቫዮሊኑ፣ ክላርኔቱ በግንባር ተቀመጡ። ሆኖም ክራር፣ መሲንቆና ዋሽንትም ክፍልና መምህር ማግኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። አዝማሪ ሲሰደብበት የኖረው መሣሪያ ደመወዝ የሚከፈልበት ሆነ፤ በደብተርም ተጻፈ። እንጦጦ ተወልደው በልጅነታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና የተማሩት ዓለሙ አጋም ከ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1972 ዓ.ም. ግድም በዚሁ ትምህርት ቤት በገና አስተምረዋል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በገና የሃይማኖት መሣሪያ ነው ተብሎ ከራዲዮ ራቀ፤ ትምህርቱም አብሮት ቀዘቀዘ። ስለ ሰፊው ሕዝብ ባህል በየመድረኩ ይነገር በነበረበት ዘመን ከሰፊው ሕዝብ የጸሎት መሣሪያ ጋር የተፈጠረው ይህ ቅራኔ በዘመኑ የባህል ፖሊሲ ላይ የሚነሣ ተገቢ ወቀሳ ነው።

የዚያ ዘመን አስተሳሰብ ሌላም ክፍተት ነበረው። መሣሪያን መጫወት ትምህርት ሲሆን መሣሪያን መሥራት በየመንደሩ ለባለ እጁ የተተወ ጉዳይ ሆነ። ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲደራጁ የታሰቡት እንደ ዕቃ አምራች ነው፤ ድምፅ የሚያውቁ ሰዎች ተብለው አልታሰቡም።

ቴክኖሎጂው ደግሞ ትምህርት ቤትን አልጠበቀም። ሸክላ የሚባለው የሙዚቃ ሰሌዳ ለካሴት ቦታ ለቀቀ፤ ካሴቱን የሚቀርጸውም የሚያባዛውም ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነበር። (ሕዝቡ ያንን ክብ ሰሌዳ በቀጨኔዎቹ ጭቃ ስም መጥራቱ ቋንቋ አንዳንድ ጊዜ ከአዋጅ የበለጠ ፍርድ እንደሚያውቅ ያሳያል።) የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ከባንዱ ጋር በ1974 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ ከተጓዙ በኋላ እዚያው ቀርተው በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የልጅነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ፒያኖና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕደው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀረጹ። ኤል-ዳብ በስድስት ኪሎ ያልተከሉት ዕውቀት በስደት ተገኘ ማለት ይቻላል። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ የዓለምን ጆሮ እስኪያገኝ ድረስ ደራሲው በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኖረዋል።

ሲንተሳይዘሩ ወደ አገር ሲገባ ግን አንድ ጣጣ ይዞ መጣ። የፋብሪካው ሰሌዳ አንዱን ኦክታቭ አሥራ ሁለት ቦታ በእኩል ይሸነሽነዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ አምስት አምስት ድምፅ ቢኖራቸውም መሲንቆኛው ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ከዚያ እኩል ክፍፍል ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም፤ ጥቂት ዝቅ፣ ጥቂት ከፍ ይላል። ናፍቆቱ ያለው በዚያች ጥቂት ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ለብቻው ሲሰማ ያደገ ጆሮ መሲንቆኛው የተሳሳተ ይመስለዋል። ሙላቱ አስታጥቄ፣ በቦስተኑ በርክሊ ኮሌጅ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እንደሆኑ የሚነገርላቸው የኢትዮ ጃዝ አባት፣ ጥያቄውን ከሌላው ጫፍ ያዙት። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ባልደረባ በነበሩበት ጊዜ ክራር አሥራ ሁለቱን ድምፅ ሁሉ እንዲጫወት አድርጎ በዘመናዊ መልክ በመሥራት ላይ ተጠመዱ። ሐሳቡ ያከራክራል። ክራርን ወደ አሥራ ሁለቱ መሳብ ከዓለም ጋር ያነጋግረዋል፤ አሥራ ሁለቱን ወደ ክራር መሳብ ደግሞ ዓለምን ያስተምራል። ሁለተኛው የበለጠ ድካም የሚጠይቅ ስለሆነ እስካሁን ደፋሩ ጥቂት ነው።

ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቅሎ፣ በኋላ ከሥነ ጥበቡና ከቲያትሩ ጋር በእስክንድር ቦጎሲያን ስም በተሰየመው ኮሌጅ ሥር ሆነ። ስቱዲዮው ግን በአብዛኛው ከግቢው ውጭ ነበር ያደገው። በያሬድ ቼሎ የተማረው ኤልያስ መልካ ሲንተሳይዘርና ኮምፒዩተር ይዞ የትውልዱን ሙዚቃ ሲያቀናብር፣ ስቱዲዮውን የሰየመው በገና ብሎ ነው። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ባለው የመጨረሻው ዓመት ከሙያ ጓደኞቹ ጋር አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ለአገልግሎት አብቅቷል፤ ዓላማውም ካሴት ሲገለበጥ ዋጋውን ያጣው ድምፃዊና ደራሲ የድካሙን እንዲያገኝ ነበር። በገና፣ አውታር፤ አዲሱ መሣሪያ ስሙን የተበደረው ከጥንቱ ባለ እጅ ነው።

የበገናን ድምፅ በኮምፒዩተር ቀርጾ በሰሌዳ ላይ ማጫወት ዛሬ ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚመጣው ግን በአሥሩ አውታሮችና በድልድዩ መካከል ከምትሰካው እንዚራ ከምትባል የቆዳ ቁራጭ ነው። ቁራጯ ከፀጉር በማይበልጥ ስንዝራት ብትርቅ ድምፁ ይሞታል፤ ብትጠጋም ይታፈናል፤ ደርዳሪው በጆሮው እየሰማ ለየአውታሩ ቦታዋን ይፈልግላታል። በሰሌዳው ላይ የተቀረጸው ነዛሪ አንድ ብቻ ነው፤ ቀን ቢለወጥ፣ አየሩ ቢረጥብ፣ ደርዳሪው ቢያዝን አይለወጥም። የሙዚቃ ቴክኖሎጂን በኮሌጅ ደረጃ ለማስተማር የሚነሣ መምህር ይህን ልዩነት በስሌት ለማስረዳት ሲፈልግ ቆዳውን የሚፍቀውና የሚቆርጠው ሰው በክፍሉ ውስጥ ያስፈልገዋል፤ ያን ሰው በየትኛው ማዕረግና በስንት ደመወዝ ይቀጥረዋል?