እስከ ከተማው ወሰን፦ የሲያትል የምርጫ ገንዘብ ሕግ ከ1972 እስከ ዛሬ

ሲያትል ውስጥ የሚኖር ግሪን ካርድ ያለው ሰው በከተማው ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። ለሚደግፈው እጩ ግን 100 ዶላር የሕዝብ ገንዘብ መስጠት ይችላል። ከ2017 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተማው የምክር ቤትና የከንቲባ ምርጫ በሚደረግባቸው ዓመታት እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት “የዴሞክራሲ ቫውቸሮችን” ለነዋሪዎች ያድላል። ነዋሪው ፈርሞ ለመረጠው እጩ ይሰጣል፤ እጩው ቫውቸሩን ለከተማው አስረክቦ ገንዘቡን ይወስዳል። ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሕጉ ግን በአንድ ጀንበር አልመጣም።

በ1960ዎቹ የሲያትል ቁማር ቤቶችና ቡና ቤቶች በሰላም ለመሥራት ለፖሊስ ይከፍሉ ነበር። ገንዘቡ መንገድ ላይ ከሚቆመው ፖሊስ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ አለቆች ይወጣ ነበር። በ1971 ከፍተኛ የፖሊስ ሹማምንትና ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ አውራጃ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ ሳይቀሩ ተከሰሱ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ ነፃ ቢወጡም ሕዝቡ የተረዳውን ተረድቶ ነበር። በኅዳር 1972 የዋሽንግተን ግዛት መራጮች ራሳቸው ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡትን 276ኛውን የሕግ ሐሳብ ከመቶ ከ70 በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቁ። ከዚያ ወዲህ እጩ ሁሉ ከማን ስንት እንደተቀበለና በምን ላይ እንዳዋለው ማሳወቅ ግዴታው ሆነ፤ ይህን የሚከታተል ኮሚሽንም ተቋቋመ።

ገንዘቡን ይፋ ማውጣት ማን እንደሰጠ ያሳያል እንጂ ሰጪውን አይለውጥም። ሲያትል ይህን ቀድማ የተረዳች ይመስለኛል። በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ኋላም በ1980ዎቹ ለአነስተኛ መዋጮዎች ከከተማው ካዝና ማሟያ የሚጨምር ሥርዓት ሞክራለች። በ1992 ግን የግዛቱ መራጮች ባጸደቁት ሌላ ሕግ የሕዝብ ገንዘብ ለምርጫ ቅስቀሳ እንዳይውል ተከለከለ። በሩ እንደገና የተከፈተው በ2008 ነው፤ ያኔ የግዛቱ ምክር ቤት ከተሞች በራሳቸው ገንዘብና በነዋሪዎቻቸው ይሁንታ እንዲሞክሩት ፈቀደ። በ2013 ሲያትል አቀረበችው፤ በጥቂት ድምፅ ወደቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ 122ኛው የሕግ ሐሳብ በቫውቸር መልክ ቀርቦ ከመቶ 63 በሚሆን ድምፅ አለፈ። ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ የየል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህራን ብሩስ አከርማንና ኢያን አይርስ በ2002 በመጽሐፍ አውጥተውት ነበር። ሥራ ላይ ያዋለችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ግን ሲያትል ናት።

ኒውዮርክ ሌላ መንገድ መርጣ ነበር። በ1986 በኩዊንስ የተጋለጠው የጉቦ ቅሌት ከተማዋን ካናወጠ በኋላ በ1988 ለትንንሽ መዋጮዎች ማሟያ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ማሟያው መጀመሪያ አንድ ለአንድ ነበር፤ ዛሬ ስምንት ለአንድ ደርሷል። ጥሩ ሕግ ነው። ቢሆንም መነሻው ነዋሪው ከኪሱ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። የወሩን ኪራይ ለመሙላት ቀንና ሌሊት ታክሲ ለሚነዳ ሰው ስምንት እጥፍ የሚሆነው የመጀመሪያው 10 ዶላር ራሱ ከባድ ነው። ሲያትል ይህን የመጀመሪያ ደረጃ አነሣችለት፤ ከሁለቱ የእሷን የምመርጠውም ለዚህ ነው።

ለምን ከተማዋ የወጪ ጣሪያ በሁሉም ላይ አልጣለችም የሚል ይኖራል። መልሱ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በባክሊ እና ቫሌዮ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ አንድ ሰው ለእጩ የሚሰጠውን መገደብ ይቻላል፣ እጩው ለቅስቀሳ የሚያወጣውን ግን በግድ መገደብ አይቻልም አለ፤ እጩው የሕዝብ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ወዶ ከተቀበለ ግን ይቻላል። የቫውቸሩ ሥርዓት የቆመው በዚህች ቀዳዳ ላይ ነው። እጩው መጀመሪያ ከብዙ ነዋሪዎች ቢያንስ 10 ዶላር ከነፊርማው ይሰበስባል፤ ለአንድ ወረዳ የምክር ቤት መቀመጫ 150 ሰው፣ ለከንቲባነት 600 ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሲያሟላና የወጪ ጣሪያውን ሲቀበል የቫውቸሮቹን ገንዘብ መውሰድ ይችላል።

ጣሪያው የሚይዘው ግን እጩውን ብቻ ነው። በ2019 ሰባቱ የወረዳ መቀመጫዎች ለውድድር ሲቀርቡ አማዞን ከእጩዎች ተለይቶ ለቅስቀሳ ገንዘብ ለሚያወጣው የንግድ ምክር ቤት ኮሚቴ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የከተማው ምክር ቤት መጠለያ ለሌላቸው ሰዎች መርጃ እንደ አማዞን ባሉ ትላልቅ ኩባንያዎች ላይ በሠራተኛ ቁጥር የሚሰላ ግብር ጥሎ፣ ወር ሳይሞላ መልሶ ሽሮት ነበር። የኩባንያው ገንዘብ ሥራ ላይ ሲውል ብዙ መራጮች ተቆጡ፤ ኮሚቴው የደገፋቸው አብዛኞቹ እጩዎች ተሸነፉ። በጥር 2020 የከተማው ምክር ቤት የውጭ ባለ አክሲዮን የተወሰነ ድርሻ ያለባቸው ኩባንያዎች በከተማው ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጡ ደነገገ። ይሁንና ቁጣ በየምርጫው አይገኝም። ከእጩዎች ተለይቶ የሚወጣው ገንዘብ በከበደ ቁጥር ቫውቸር የተቀበሉት እጩዎች ከጣሪያው እንዲለቀቁ ይጠይቃሉ፤ ይፈቀድላቸዋል፤ እንዲህ ሲሆን ጣሪያው ስሙ ብቻ ይቀራል።

ቤት ያላቸው ሁለት ግብር ከፋዮች ደግሞ “በማንደግፈው ሰው ቅስቀሳ ላይ ገንዘባችን ለምን ይወጣል?” ብለው ከሰሱ፤ ቫውቸሩ የሚከፈለው ከንብረት ግብር ነውና። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 በሙሉ ድምፅ ለከተማው ፈረደ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቫውቸሩን መልሰው ለእጩ የሚሰጡት ነዋሪዎች እስካሁን ከአሥር አንድ አይሞሉም። የተመዘገበ መራጭ ቫውቸሩ በፖስታ እስከ መኖሪያው ድረስ ይመጣለታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግን ራሱ ማመልከት አለበት። ሕጉ በሩን ከፈተለት፤ ቁልፉን ፈልግ ያለውም እሱኑ ነው። መረጃው በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ መኖሩ ያስመሰግናል፤ ሆኖም ቅጹ ሰዉ ባለበት፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱ፣ በማኅበረሰቡ አዳራሽና በዕድሩ ካልደረሰ በድረ ገጽ ላይ መቀመጡ ብቻውን ብዙም አይረዳም።

ሰዉም ቢሆን ባለበት አልቆየም። በቼሪና በጃክሰን መንገዶች፣ በሬይኒየር ሸለቆ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ፣ ልጆች ያሳደጉ ቤተሰቦች ኪራዩ ሲንር ወደ ደቡብ ወርደዋል፤ ወደ ተክዊላ፣ ወደ ሲታክ፣ ወደ ሬንተን፣ ወደ ኬንት። የከተማውን ወሰን ሲሻገሩ ቫውቸሩ ይቀራል። በእነዚህ ከተሞች ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ዛሬም እንደ ድሮው ገንዘብ ካለው ሰው ደጅ ይጠናል። የኪንግ አውራጃ ምርጫም ቫውቸር የለውም። ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ የተወለደው ግርማይ ዛሂላይ በ2019 ለአውራጃው ምክር ቤት፣ በ2025 ደግሞ ለአውራጃው ዋና አስተዳዳሪነት የተመረጠው በተለመደው መዋጮ ተወዳድሮ ነው። ማሸነፉ አኩርቶናል። ግን የእሱን ያህል የሰው ትውውቅና ትምህርት ያላገኘ የሌላ ስደተኛ ልጅ በየትኛው ገንዘብ ይጀምር?

በነሐሴ 2025 የሲያትል መራጮች ለቫውቸሩ የሚከፈለውን ግብር ለተጨማሪ አሥር ዓመታት አራዘሙ። በኅዳሩ ምርጫም ቫውቸር የሰበሰበችው ኬቲ ዊልሰን በጥቂት ድምፅ በልጣ ከንቲባ ሆነች። ሰባቱ የወረዳ መቀመጫዎች በ2027 እንደገና ለውድድር ይቀርባሉ። ወሰኑን የመግፋት ሥልጣን የሲያትል ምክር ቤት የለውም፤ የተክዊላም የኬንትም መራጮች ግን በ2008ቱ ሕግ መሠረት የራሳቸውን መጠየቅ ይችላሉ። በሲያትል ለቀረነው ደግሞ ግሪን ካርድ ላላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች ቅጹን ከመራጮቹ ፖስታ እኩል ማድረስ ይቻላል፤ ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም።