«ግፊት» አይደለም፣ «እንድርድሪት» ነው

«የግፊት ጥበቃ ሕግ» የሚል ርእስ ያየ ሰው የጤና ምክር ሊሰጠው ቢመስለው አይፈረድበትም። ተርጓሚው ሊል የፈለገው ግን ስለ ሞመንተም ነው። ነገሩን ፊዚክስ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ መጠነ ቁስ በፍጥነት ሲባዛ የሚገኘው፣ ነገሮች ሲጋጩም ድምሩ የማይለወጠው ነው። በሴኮንድ 3 ሜትር የሚሄድ ባለ 2 ኪሎ ጋሪ የቆመ ባለ 1 ኪሎ ጋሪ ገጭቶ ቢጣበቅበት፣ አብረው በሴኮንድ 2 ሜትር ይሄዳሉ። በፊትም 6፣ በኋላም 6።

ወደ ቃሉ እንመለስ። «ግፊት» ባለቤት አለው፤ የጎማ ነፋስና የደም ሥር ከያዙት ቆይተዋል። የባሰው ደግሞ ግፊት አቅጣጫ የለውም፤ ሞመንተም ግን ያለ አቅጣጫ ከንቱ ነው። ፈላስፋው ዴካርት እ.ኤ.አ. በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ የእንቅስቃሴ መጠን አይለወጥም ሲል የሳተው እዚሁ ላይ ነበር። በኋላ የሆላንዱ ሁይገንስ አረመው። በእኩል ፍጥነት ፊት ለፊት የተላተሙ ሁለት እኩል የጭቃ ድቡልቡሎች ተጣብቀው ቀጥ የሚሉት፣ የአንዱ ሞመንተም የሌላውን ስለሚያጣፋው ነው።

«የእንቅስቃሴ መጠን» የሚሉም አሉ። እርግጥ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 በላቲን የጠራው እንዲሁ ነው። በአማርኛ ጆሮ ግን «ምን ያህል ርቀት ሄደ?» የተባለ ይመስላል።

የእኔ ምርጫ «እንድርድሪት» ነው። ተሽከረከረ ሽክርክሪትን እንደወለደ፣ ተንደረደረም ይህን ይወልዳል። ቦይ ሊዘል የተንደረደረን ልጅ ጫፉ ላይ ሲደርስ «ተው!» ቢሉት አይቆምም፤ መጠነ ቁሱና ፍጥነቱ አብረው ይዘውት ይሄዳሉ። እንድርድሪት አቅጣጫም አለው፤ «ወዴት?» ተብሎ ይጠየቃል። አውሮፕላንም መንደርደሪያ አለው። (ጽሑፍም አለው፤ ያኛው እንኳ የእኛ የጸሐፊዎች ነው።) ኤሊም እንድርድሪት አላት ወይ ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። አላት፤ ትንሽ ቢሆንም። «ጉልበት»ም ፊዚክስ እስኪወስደው ድረስ የሚታጠፍ መገጣጠሚያና የገበሬ ብርታት ነበር፤ ዛሬ ማንም አይስቅበትም።

«ጥበቃ»ስ? እሱ ለዱር እንስሳትና ለባንክ በር ነው። እንድርድሪት ዘበኛ አይቆምለትም፤ ከውጭ የሚገፋ ወይም የሚጎትት እስካልመጣ ድረስ ድምሩ ራሱ ጸንቶ ይኖራል። ስለዚህ «የእንድርድሪት ጽናት» እንበል። መማሪያ መጽሐፍ የምታዘጋጁ መምህራን፣ ሞመንተምን አንዴ በቅንፍ አስገቡና በእንድርድሪት ቀጥሉ፤ ግፊትን ለጎማው ተዉለት።