የተሳሳተ ቀን የተጻፈባቸው ፎቶግራፎች፦ የነገሌ ቦረና ዲጂታል ካሜራዎች እንደ ታሪክ ምንጭ



የዛሬው ንግግሬ ለታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ ትንሽ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። በነገሌ ቦረናና በአካባቢዋ የቆላ ከተሞች ስላሉ ፎቶ ቤቶች፣ በተለይም ሥራውን የሚጀምር ሰው ስለሚገዛው ርካሽ ዲጂታል ኤስኤልአር ካሜራ ነው የምናገረው። ወደዚህ ጉዳይ የገፋኝ የራሴ የማስተማር ችግር ነው።

ስለ ነገሌ ሳስተምር ሁለት ጊዜያትን አነሣለሁ። የመጀመሪያው ጥር 1928 ዓ.ም. ነው። የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶሪያ ድል ከሆነ በኋላ የግራዚያኒ ሠራዊት ነገሌን ያዘ። ስለዚያ ዘመቻ የማሳየው ምስል አላጣም፤ ፋሺስት ኢጣሊያ ወደ ኢትዮጵያ የዘመተችው ፎቶግራፍና ፊልም አንሺዎቿን ጭምር አሰልፋ ነውና። ሁለተኛው ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። በነገሌ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደሮች የውኃ መሳቢያቸው ተበላሽቶ፣ በመኮንኖቹ ጉድጓድም እንዳይጠቀሙ ተከልክለው አመፁ። ጉዳዩን እንዲመረምሩ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን አግተው፣ እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። ከዘውዱ መውደቅ ጋር አያይዘን የምናስተምረው ይህ ቀን ነው፤ ሆኖም በዚህ ክፍል ግድግዳ ላይ የማሳየው አንድም ምስል የለኝም። በ1928 ካሜራው በወራሪው እጅ ነበር፤ በ1966 ደግሞ የተጠማው ወታደር ካሜራ አልነበረውም።

ፎቶግራፍ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በኩል መሆኑን ታውቃላችሁ። የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የነገሥታቱን መልክ አስቀርቶልናል። የክፍለ ሀገሩ ሰው በብዛት በካሜራ ፊት የቆመው ግን ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ ነው። ይህን በዝርዝር አልሄድበትም።

ለውጡ የመጣው ከዋጋ ጋር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለው ካኖን 300ዲ በአሜሪካ ከ1000 ዶላር በታች የተሸጠ የመጀመሪያው ዲጂታል ኤስኤልአር ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት አነስተኛ ሞዴሎች ይበልጥ እየረከሱ ሄዱ፤ ያገለገሉትም እጅ በእጅ እየተሸጡ ወደ ትንንሾቹ ከተሞች ደረሱ። በነገሌ ያነጋገርኳቸው ባለ ካሜራዎች ስለ መሣሪያቸው ሲያወሩ እንደ ገበሬና በሬው ነው፤ ያማርራሉ፣ ግን አሳልፈው አይሰጡትም።

ምሬታቸው የመጀመሪያው አቧራ ነው። ቀዩ የቆላ አቧራ ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ ከርካሾቹ ሞዴሎች አንዳንዶቹ ደግሞ ሴንሰሩን እያንቀጠቀጠ አቧራ የሚያራግፍ ክፍል የላቸውም። አንድ ጎልማሳ ባለ ፎቶ ቤት ከካሜራው ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነቅሎት እንደማያውቅ ነገረኝ። «ሌንስ የሚቀያየርበት ካሜራ ነው የገዛሁት፣ ግን ቀይሬ አላውቅም» አለና ሳቀ። ሁለተኛው ብርሃን ነው። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይፈልጋል፤ ነጭ ልብስ ሞልቶ ከታየው ምስሉን ያጨልመዋል፣ ፊትም አብሮ ይጠቁራል። ነጭ የጠመጠመ ሽማግሌ፣ ነጠላ የለበሰች እናት፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ! ባለሙያዎቹ ይህን ከመመሪያ መጽሐፍ ሳይሆን ከደንበኛ ቁጣ ተማሩት። ብዙዎቹ የሠርግ የደጅ ፎቶግራፍ ከአሥር ሰዓት በኋላ ካልሆነ አያነሡም።

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነገር ግን ለባለ ካሜራዎቹ ጨርሶ ችግር አይደለም፤ የካሜራው ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የራሴን ስሕተት ልናገር። ከአንድ ፎቶ ቤት በባለቤቶቹ ፈቃድ የገለበጥኩትን የሠርግ ፎቶግራፍ ለተማሪዎቼ ሳድል «መስከረም 1 ቀን 2005 እ.ኤ.አ.፣ ማለዳ» ብዬ ጻፍኩበት። የፈረንጆቹን ሴፕቴምበር መስከረም ማለቴ አንሶ፣ ቀኑን ያገኘሁት ከፋይሉ ውስጥ ስለ ነበር ጥርጥር እንኳ አልገባኝም። ስሕተቱን ያየችው አንዲት ተማሪ ናት። ፋይሉ የካሜራውን ሞዴልም ይዟል፤ ኒኮን ዲ3100 ይላል። ይህ ሞዴል ለገበያ የተዋወቀው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ካልተሠራ ካሜራ ፎቶግራፍ እንዴት ተገኘ?

ምስሉን እንደገና አየነው። ሰዓቱ 6፡40 ይላል፤ የሰዎቹ ጥላ ግን ከእግራቸው ሥር ነው። ስለዚህ 6፡40 የተባለው በእኛ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ነው። ሣሩ ለምልሟል፣ መንገዱ ላይ ውኃ ቋጥሯል፤ በቦረና ደግሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ሜዳው ደረቅ ነው። ባለ ካሜራው የሞላው የኢትዮጵያን ዓመት፣ የኢትዮጵያን ወርና የኢትዮጵያን ሰዓት ነበር፤ 2005 ዓ.ም.፣ ዘጠነኛው ወር፣ ግንቦት።

ወደ ፎቶ ቤቱ ደውዬ የትዕዛዝ ደብተሩን አስገለጥኩ። ደብተሩ ሠርጉ ግንቦት 4፣ እሑድ እንደ ነበር፣ የተከፈለውን ቀብድና የታዘዘውን የፎቶ ብዛት ጭምር ይናገራል። ካሜራው ግንቦት 1 ይላል። ሦስቱ ቀን የት ሄደ? ካሜራ ሠላሳ ሠላሳ ቀን አያውቅም። መስከረምን ጃንዋሪ ብሎ 31 ቀን ይሰጠዋል፤ ጥቅምትን ፌብሩዋሪ ብሎ በ28 ይቆርጠዋል፤ ጳጉሜን የምትባል ወር ጭራሽ የለችውም። ሰዓቱ በመስከረም የተሞላ ካሜራ ግንቦት ሲገባ ልክ 3 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፤ በወረቀት ቆጥራችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ስለዚህ ካሜራውም ደብተሩም አልዋሹም። አለቃ የሌለው ስሕተት ሳይሆን ሕግ ያለው ስሕተት ስለ ሆነ ሊታረም ይችላል፤ ደብተሩ እስካለ ድረስ።

ይህ ሁሉ ስለ አንድ ሠርግ ነው ትሉኝ ይሆናል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረናን በመታው ድርቅ 5 ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ዓለም ያየው የከብት ሬሳ ነው። የምስሉ እውነትነት አያጠያይቅም። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት የተመረቀች ልጅ፣ የተከፈተ ሱቅ፣ ከብት ሽጦ የተደገሰ ሠርግ ያሉት በእነዚህ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ነው። ሚሞሪ ካርዱ ሲሞላ ይጠፋል፤ ሃርድ ዲስኩ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይቃጠላል።

ሆን ተብሎ የሚጠፋም አለ። የከተማዋ ሙስሊም ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የሴቶቹን ፎቶግራፍ ከተረከቡ በኋላ ባለ ካሜራው በፊታቸው እንዲያጠፋ ይጠይቃሉ፤ እርሱም ያጠፋል። አንድ ጊዜ ይህ ሲሆን አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጣቱ ቁልፉን ሲጫን ውስጤ «ተው!» ይል ነበር፤ አፌ ግን ዝም አለ፣ ዝም ማለቴም ልክ ነበር። እናቲቱ ስክሪኑ ባዶ መሆኑን አይተው «አላህ ይስጥህ ልጄ» ብለው መርቀውት ወጡ። እርሱ ደብተሩን ገልጦ በቀኑ ትይዩ «ተረክበዋል፣ ጠፍቷል» ብሎ ጻፈ። ፎቶግራፉ የለም፤ በዚያ ቀን ሠርግ እንደ ነበረ፣ ስንት ፎቶግራፍ እንደ ተነሣና እንዲጠፋ የፈለጉት ባለቤቶቹ እንደ ሆኑ ግን ተጽፏል።

በዚህ ዓመት ለመስክ ጥናት ወደ ነገሌ፣ ወደ ያቤሎና ወደ ሞያሌ የምትወጡ ተማሪዎች ፎቶ ቤት ስትገቡ ሁላችሁም ፍላሽ ይዛችሁ ምስል ለመገልበጥ እንደምትቸኩሉ አውቃለሁ። መጀመሪያ የትዕዛዝ ደብተሩን ለማየት አስፈቅዱ። ከዚያ ባለቤቱን ካሜራው ስንት ሰዓት እንደሚል ጠይቁት፤ የእጅ ሰዓታችሁንም አይታችሁ ልዩነቱን ጻፉ።